አልጋው ላይ ሆኖ ምን ይታያል? ከባርሴሎና እስከ ፓይሚዮ

ዓርብ፣ ባርሴሎና

እኔ ነርስ ነኝ። አብሮኝ የሚጓዘው ጓደኛዬ አርክቴክት ነው። እሱ ሆስፒታል ሲገባ ሕንፃውን ያያል፤ እኔ አልጋውን። በዚህ ስንጨቃጨቅ ዓመታት ስላለፉ ሁለታችንም የዓመት ፈቃድ ወስደን የታወቁ የሕክምና ቤቶችን በአካል ለማየት ተነሣን። ደንባችን አንድ ነው። የትም ብንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው፦ እዚህ የተኛ ሰው ዓይኑን ሲገልጥ ምን ያያል?

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ሳንት ፓው ሆስፒታል። ከሳግራዳ ፋሚሊያ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ሆስፒታሉ በር የሚያደርስ ሰያፍ መንገድ አለ። ሥራው የተጀመረው በ1902 ነው። አርክቴክቱ ሉዊስ ዶሜኔክ ኢ ሞንታኔር በ1923 ሲሞት ልጁ ተረከበና በ1930 ተመረቀ። ገንዘቡ ፓው ጊል የሚባል የባንክ ባለቤት የተናዘዘው ነው። እስከ 2009 ድረስ ሕሙማን ታክመውበታል። አሁን አጠገቡ አዲስ ሆስፒታል ስላለ አሮጌው ለጎብኚ ክፍት ሆኗል።

በሩን ሲያልፉ ሆስፒታል የገቡ አይመስልም። ቀያይ የጡብ ቤቶች በአትክልት መሃል ተራርቀው ቆመዋል። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ዋርድ ነበር። ያኔ አንቲባዮቲክ የለም፤ ሕሙማንን ማራራቅ ራሱ ሕክምና ነው። ግቢው በሙሉ ከከተማው የመንገድ መስመር 45 ዲግሪ ዞሮ ተሠርቷል። ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኝ ነው።

እኔን የማረከኝ ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። ዋርዶቹ በሙሉ በውስጥ ለውስጥ መተላለፊያ ተያይዘዋል። ስትሬቸሩም ዕቃውም በታች ይሄዳል። በላይ፣ በአትክልቱ መሃል፣ እግሩን የሚያፍታታ ታማሚና ጠያቂው ይንሸራሸራሉ። በሠራሁባቸው ቦታዎች ከቀዶ ጥገና የወጣ ሰው አፉ እንደተከፈተ፣ ግሉኮሱ እንደተሰቀለ፣ ሕዝብ በሚተራመስበት ኮሪደር ሲገፋ ስንቴ አይቻለሁ። አንሶላውን እስከ አገጩ ከመሳብ ሌላ የማደርገው ነገር የለኝም። እዚህ አንድ ሰው ይህን ከመቶ ዓመት በፊት አስቦበታል።

ግድግዳውና ኮርኒሱ በሴራሚክ ተሸፍኗል። ጓደኛዬ ስለ ቀለሙና ስለ አበባው ጌጥ ሊያስረዳኝ ጀመረ። እኔ በጣቴ ዳሰስኩት። ልሙጥ ነው፤ በውሃና በሳሙና ይለቃል።

«አንቺ ደግሞ ጽዳቱ ብቻ ነው የታየሽ?» አለኝ።

«አንተ የሌሊት ተረኛ ሆነህ ደም አልወለወልክማ!»

ግን እውነቱን ነው፤ ሁለቱም አለ። ለማጽዳት የተመረጠው ነገር ራሱ ነው ያማረው። ጀርባው ላይ የተኛ ሰው ቀና ሲል ከራሱ በላይ ቀለም ያያል። ከዋርዱ ጫፍ ደግሞ ክብ የመቀመጫ ክፍል አለ። ሻል ያለው ሰው ተነሥቶ እዚያ ፀሐይ ይሞቃል። ከአልጋ ተነሥቶ የሚኬድበት ቦታ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ታማሚን «ተነሥ፣ ተራመድ» ማለት ሥራዬ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን «ወዴት?» ቢለኝ መልስ የለኝም።

ቅዳሜ፣ ባቡር ላይ

ሙሉ ቀን ባቡር ስንቀያይር ዋልን። የሚጻፍ ነገር የለም።

እሑድ፣ ቦን

በፈረንሳይ ቡርጎኝ ውስጥ ያለችው ቦን ትንሽ ከተማ ናት። ሰው በብዛት የሚመጣው ለወይን ጠጁ ነው። እኛ የመጣነው ለኦቴል ዲዩ ነው። ኒኮላ ሮላን የተባለው የቡርጎኝ መስፍን ቻንስለርና ሚስቱ ጊጎን ደ ሳሌን በ1443 ያቋቋሙት የድሆች ሆስፒታል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሕሙማን የተቀበለው በ1452 የዓመቱ መባቻ ላይ ሲሆን እስከ 1971 ድረስ ሠርቷል። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ!

የድሆች አዳራሹ 50 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከፍታው 16 ሜትር ነው። አልጋዎቹ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ሁሉም ቀይ መጋረጃ አላቸው። ብርዱንም ዓይንንም ይከልላል። በአንድ አልጋ ሁለት ሰው ይተኛ ነበር፤ ስለዚህ መጋረጃው ከጎረቤት እንጂ አብሮ ከተኛው ሰው አያድንም።

የአዳራሹ መጨረሻ ጸሎት ቤት ነው። ታማሚው አልጋው ላይ ሆኖ ቅዳሴ ይከታተላል። ሮጊየር ቫን ደር ዋይደን የሣለው የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል የተቀመጠው እዚያ ነበር፤ አሁን ለጥንቃቄ ሌላ ክፍል ተወስዷል። መሃሉ ላይ ቅዱስ ሚካኤል ሚዛን ይዞ ነፍስ ይመዝናል። ኩነኔ የተፈረደባቸው እየጮኹ ወደ ቀኝ ጥግ ይወርዳሉ። ሥዕሉ ተከፍቶ የሚታየው በሰንበትና በበዓል ቀን ነበር።

ጓደኛዬ ደነገጠ። «ትኩሳት ላይ ላለ ሰው ይሄን ያሳያሉ?» እኔ ያን ያህል አልተገረምኩም። የሠሩት ሰዎች በዚያ ዘመን ከምንም በላይ ሊያድኑ የሚፈልጉት ነፍስን ነበር። አልጋው የዞረው ሊያድኑት ወደሚፈልጉት ነገር ነው። የኛ ዘመን ዋርድ ውስጥ አልጋው ወደምን እንደዞረ ብጠየቅ ቶሎ መልስ አላገኝም። ወደ በሩ? ወደ ቴሌቪዥኑ? አብዛኛውን ጊዜ የኦክስጅኑና የኤሌክትሪኩ ሶኬት ባለበት በኩል ራስጌው ይሆናል፤ የተቀረው እንደ ፍጥርጥሩ።

በሕንፃው ሥር ቡዜዝ የምትባል ወንዝ ታልፋለች። ቆሻሻው የሚወገደው በሷ ነበር። ስለ ነፍስ ሲያስቡ ፍሳሹን አልረሱም።

ሰኞ፣ ወደ ለንደን

በፓሪስ በኩል አለፍን። እግሬ አብጦ ነበርና ቶሎ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ለንደን

የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ከቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ከፓርላማው ፊት ለፊት ነው። በ1871 ሲከፈት እርስ በርስ የተራራቁ ሰባት ሕንፃዎች ነበሩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ከፊሉን አፈረሰው። የተረፉት በደቡብ በኩል ናቸው። የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው የፍሎረንስ ናይቲንጌል ሙዚየም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ፋኖሷ አለ። በሕይወት ሳለች በኪሷ ትይዛት የነበረች ጉጉትም ደርቃ ተቀምጣለች፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም ከሁሉም ይልቅ እሷ ጋ ቆየሁ።

ናይቲንጌልን ሁሉም የሚያውቃት በፋኖሷ ነው። ለኔ ግን መጀመሪያ የሕንፃ ሰው ናት። በክራይሚያ ጦርነት ኢስታንቡል ውስጥ ወዳለው ስኩታሪ ስትደርስ፣ ሆስፒታል የተባለው የጦር ሰፈር ፍሳሹ ተዘግቶ ከሕሙማኑ ሥር ይገማ ነበር። በ1855 የንጽህና ኮሚሽን መጥቶ ቦዩን አስጠረገ፤ አየር እንዲገባ አደረገ። የሟቹ ቁጥር ቁልቁል ወረደ። እሷ ቁጥሩን አጥንታ ሕንፃ ሰው እንደሚገድል ገባት። በ1859 ባወጣችው የሆስፒታል ጽሑፍ መግቢያ ላይ የሆስፒታል የመጀመሪያ ግዴታ በሽተኛውን አለመጉዳት ነው አለች።

የሚገርመው ምክንያቱን ስታለች። በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ አየር ነው ብላ ታምን ነበር። መስኮት ክፈቱ፣ አልጋ አራርቁ፣ ብርሃን አስገቡ ያለችው በዚያ እምነት ነው። ጀርሙ ሲታወቅም ምክሩ አልተሻረም።

በሷ ስም የሚጠራው ዋርድ ረጅም ክፍል ነው፤ ሠላሳ ገደማ አልጋ፣ በሁለቱም ወገን ትይዩ መስኮቶች። ነርሷ አንድ ቦታ ቆማ ሁሉንም ታያለች። እኔ እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ ከንፈሩ ሲጠቁር ሳልጠራ አይቼ ደርሻለሁ። በነጠላ ክፍሎች በተሞላ ፎቅ ላይ ያው ሰው በሩ ተዘግቶበት ይሆን ነበር።

ግን ሌላም ነገር አለ። ሠላሳ ሰው ባለበት ክፍል ሠላሳ ሳል ይሰማል። አንዱ ሲሞት ሃያ ዘጠኙ ያያል። ሐኪሙ ለአንዱ የሚናገረውን ጎረቤቱ ይሰማል፤ ስለዚህ ታማሚው ማፈሪያ የሆነበትን ነገር አይናገርም፣ ያልተነገረውም አይታከምም። ናይቲንጌል ራሷ አላስፈላጊ ድምፅን አምርራ ትጠላ ነበር፤ ለታማሚ ከሚደረግ ጭካኔ ቆጥራዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ በዋርድ ውስጥ የሌሊት ድምፅ በአማካይ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። 30 ዴሲቤል ሹክሹክታ ነው። ሞኒተሩ ሲጮህ፣ የጋሪው ጎማ ሲንጫጫ፣ እኛ ተረኞቹም ስንሳሳቅ… እስቲ የትኛው ዋርድ ነው ይህን የሚያሟላው?

ረቡዕ፣ ወደ ኤደንብራ

ባቡሩ ውስጥ ጓደኛዬ የመስኮቱን ወንበር ያዘብኝ። በዚያው ስለ መስኮት ማውራት ጀመርን።

የዚህ ጉዳይ ታዋቂ ጥናት የሮጀር ኡልሪች ነው። በ1984 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት አንድ ሆስፒታል ውስጥ ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን የ46 ሰዎች መዝገብ አገላበጠ። የግማሾቹ መስኮት ዛፍ ያሳያል፤ የግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ክፍሎቹ በሌላ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ታማሚዎቹንም በዕድሜ፣ በጾታና በመሳሰለው ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው ያነጻጸራቸው። ዛፍ ያዩት በአማካይ 7.96 ቀን ተኝተው ወጡ፤ ግድግዳ ያዩት 8.70 ቀን። ዛፍ ያዩት ኃይለኛ የህመም ማስታገሻ የወሰዱትም ያነሰ ነው።

እኔን የነካኝ ግን የነርሶቹ ማስታወሻ ነው። ግድግዳ በሚያዩት ታማሚዎች ካርድ ላይ «ከፍቷታል፣ ታለቅሳለች»፣ «ብዙ ማበረታቻ ይፈልጋል» የሚሉ ቃላት በዝተው ተገኙ። እነዚህን ቃላት አውቃቸዋለሁ። በፈረቃዬ መጨረሻ ላይ፣ ደክሞኝ፣ በራሴ እጅ የምጽፋቸው ናቸው። ስጽፍ የታማሚው ጠባይ ይመስለኛል። መስኮቱን ዞር ብሎ ማየት ማን ትዝ ይለዋል?

46 ሰው ትንሽ ነው፤ አንድ ሆስፒታልም አንድ ሆስፒታል ነው። ጓደኛዬ ይህን ጥናት ለደንበኞቹ እንደ ወንጌል እንደሚጠቅሰው ነገረኝ። አትጋነን አልኩት። ግን ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሕክምና ሕንፃን በመረጃ መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

ሐሙስ፣ ደንዲ

ማጊ ኬስዊክ ጄንክስ ስኮትላንዳዊት ጸሐፊና የአትክልት ንድፍ ባለሙያ ነበረች። በ1993 ካንሰሯ እንደተመለሰ ተነገራት። ከዚያ በኋላ ከባሏ ከቻርልስ ጄንክስ ጋር መስኮት የሌለው ኮሪደር ውስጥ ተቀመጠች፤ ሌላ ታካሚ መግባት ስላለበት። በቀራት ጊዜ ስለ መጠበቂያ ቦታዎች ጻፈች፤ ከራስ በላይ ስለሚያፈጥ መብራት፣ ውጭ ስለማያሳይ ክፍል። በ1995 አረፈች። በቀጣዩ ዓመት በስሟ የሚጠራው የመጀመሪያው የካንሰር ሕሙማን መደገፊያ ማዕከል ኤደንብራ ውስጥ፣ በሆስፒታል ግቢ፣ በአሮጌ የፈረስ ጋጣ ሕንፃ ተከፈተ።

የደንዲው ማዕከል የአርክቴክቱ የፍራንክ ጌሪ ሥራ ነው፤ በ2003 ተከፈተ። የብረት ጣሪያው ተጨማድዶ እንደተዘረጋ ወረቀት ነው። ከኮረብታው ላይ ሆኖ የቴይ ወንዝን ቁልቁል ያያል። ጓደኛዬ ውጭ ቆሞ ፎቶ ሲያነሣ እኔ ገባሁ። ቀድመን ደውለን ስለነበር ሰው በማይበዛበት ሰዓት ተቀበሉን። ውስጥ ፎቶ አላነሣንም፤ የሰው ቤት ነው።

እዚህ አልጋ የለም። ሕክምናው የሚሰጠው ሆስፒታሉ ውስጥ ነው። ካርድ አውጡ የሚል መስኮት የለም፤ ቀጠሮ አይጠየቅም፤ በነጻ ነው። ስትገቡ የሚቀበላችሁ ማድቤትና ትልቅ ጠረጴዛ ነው። ማውራት የፈለገ ይቀመጣል፤ ያልፈለገ ውሃ አፍልቶ ጥግ ይይዛል። አንድ ሰው ሻይ ሲቀዳ እጁ ሥራ አለው፤ እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል። ይህን በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ግን ለዚህ ብሎ ቤት የሠራ ሰው አላየሁም ነበር።

ከሁሉ ያስቆመኝ ስለ መጸዳጃ ቤት የጻፈችው ነው። በረድፍ የተከፋፈለ አይሁን አለች። ሙሉ በር ይኑረው፤ የራሱ ላቫንዲኖና መስታወት ይኑረው። ሰው ገብቶ ብቻውን ያለቅሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ በመስታወቱ ራሱን አስተካክሎ ይወጣል። እኛ ጋ ክፉ ዜና የሰማ ሰው የሚያለቅሰው ደረጃ ላይ ነው። አንዳንዴ ሊፍት ውስጥ።

ጓደኛዬ በኋላ ጣሪያውን ሊያስረዳኝ ሞከረ። በሩን አየኸው ወይ አልኩት።

ዓርብ፣ ወደ ቱርኩ

በአውሮፕላን ወደ ፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ገደማ በባቡር። ጫካ፣ ጫካ፣ ጫካ።

ቅዳሜ፣ ፓይሚዮ

ከቱርኩ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጥድ ጫካ መሃል ነጭ ረጅም ሕንፃ ብቅ ይላል። አርክቴክቶቹ አልቫር አልቶና ሚስቱ አይኖ አልቶ የሠሩት የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሆስፒታል፣ ማለትም ሳናቶሪየም ነው። በ1929 ውድድሩን አሸነፉ፤ በ1933 ተከፈተ። ያኔ ለቲቢ መድኃኒት አልነበረም። ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። የነበረው ዕረፍት፣ ንጹሕ አየር፣ ፀሐይና ምግብ ነው። ሰው ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት ይተኛል። አልቶ ሥራውን ሲጀምር ራሱም ታሞ ተኝቶ ነበርና ክፍል የሚሠራው ለቆመ ሰው እንደሆነ አስተዋለ። እሱ ለተጋደመ ሰው ሊሠራ ወሰነ።

አንድ ክፍል እንደ ድሮው ታድሶ ለጎብኚ ይታያል። ከዚህ ጉዞ ሁሉ ረጅሙን ሰዓት ያሳለፍኩት እዚያ ነው።

ለሁለት ሰው የተሠራች ትንሽ ክፍል ናት። ግድግዳው ፈዛዛ፣ ኮርኒሱ ግን ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። በጀርባው የተኛ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው ኮርኒስ ስለሆነ ዓይን እንዲያርፍ ነው። መብራቱ ከራስጌ በኩል ነው፤ ዓይን ላይ አያፈጥም። ማሞቂያው ኮርኒስ ላይ ሆኖ ሙቀቱን ወደ እግር ይልካል፤ ራስ እንዳይግል። ቁም ሣጥኑ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ከሥሩ መጥረግ ይቻላል። የበሩ እጀታ የሐኪሙ ጋውን እጅጌ እንዳይጠልፈው ተጠማዟል። ይህን ሳይ ሳቅኩ፤ ያልተጠለፈ ነርስ የለማ።

ላቫንዲኖዎቹ ሁለት ናቸው፤ ለየአንዳንዱ ታማሚ የራሱ። አስጎብኚዋ ቧንቧውን ሳትከፍት የገንዳውን ውስጥ በእጇ አሳየችን። ገንዳው ዘመም ብሎ ስለተሠራ ውሃው ሲወርድ ተንሸራቶ ይሄዳል፤ ተንጠባጥቦ አይንጫጫም። አንዱ ሌሊት እጁን ሲታጠብ ሌላው እንዳይነቃ። ጎንበስ ብዬ ደጋግሜ አየሁት። ስለ ሌላው ሰው እንቅልፍ ተብሎ የተቀረጸ ሸክላ ነው። አንድ ታማሚዬ በኮርኒሱ ሰሌዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ቆጥሮ ጨርሶ ቁጥሩን ነግሮኝ ያውቃል። የኛን ክፍል የነደፈው ሰው አንድ ቀን እንኳ እዚያ አልጋ ላይ ቢጋደም ኖሮ አልኩ በልቤ።

የደረጃውና የመግቢያው ወለል ደማቅ ቢጫ ነው፤ ውጭው ሲጨልም እንኳ ፀሐይ ያለ ያስመስላል። ላይኛው ፎቅ ላይ ታማሚዎች ተደርድረው አየር የሚወስዱበት ረጅም በረንዳ አለ። በክረምትም ተሸፋፍነው ይወጡ ነበር። ፊት ለፊታቸው የጥዱ ጫፍ ብቻ ነው። ለሳሎኑ የተሠራው ከታጠፈ ኮምፔንሳቶ የተበጀ ወንበር ዛሬ በሙዚየሞች ይታያል፤ የጀርባው ዘመምታ የታሰበው ለቲቢ ታማሚ ትንፋሽ ነው።

እሑድ፣ ፓይሚዮ

ጠዋት ጓደኛዬን ጠየቅኩት፦ ይሄ ሁሉ ቲቢን አዳነ ወይ? አላዳነም። ያዳነው መድኃኒቱ ነው። መድኃኒቱ ሲመጣ በረንዳው ሥራ ፈታ፤ ቤቱም በ1960ዎቹ አጠቃላይ ሆስፒታል ሆነ። አረንጓዴ ኮርኒስ ባክቴሪያ አይገድልም። ሕንፃው ይፈውሳል የሚሉ ሰዎች ይህን መዝለል ይወዳሉ። የተኛውን ሰው ግን ሕንፃው በየሰዓቱ ይነካዋል፤ ያስተኛዋል ወይም ይቀሰቅሰዋል፤ ያሳፍረዋል ወይም ይከልለዋል። እኔ መርፌ ይዤ የምገባው በቀን ጥቂት ጊዜ ነው።

ክርክራችን ግን አላለቀም። እሱ አሁንም ነጠላ ክፍል ይላል፤ ለኢንፌክሽን፣ ለእንቅልፍ፣ ለምስጢር። እኔ ደግሞ በሌሊት ማን ያያቸዋል እላለሁ። በሩ ላይ መስታወት፣ በየሁለት ክፍሉ መሃል ትንሽ የነርስ ጠረጴዛ ብሎ በናፕኪን ላይ ሣለልኝ። ነርሶቹን ስንት አድርገህ ነው አልኩት። ሥዕሉን አጠፈና «እሱን ቀጣሪሽን ጠይቂ» አለኝ።

መሄድ ለሚፈልግ፦ ሳናቶሪየሙ ከፓይሚዮ ከተማ መሃል ወጣ ያለ ስለሆነ መኪና መያዝ ይሻላል። ውስጡ የሚታየው ከአስጎብኚ ጋር ነው፤ ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። በግቢው ማደርም ይቻላል። የታማሚውን ክፍል ስታዩ ቆማችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ከፈቀዱላችሁ ዝቅ በሉና ከአልጋው ቁመት ቀና ብላችሁ እዩት።